ሃያ ስድስት በር

ሦስት ዳኞች ሆነን፣ በኅዳር ካፊያ፣
በብብታችን ቅጽ፣ በኪስ መለኪያ፣
ፖርቶ ላይ ወጣነው ያን የድንጋይ ዳገት፣
ለሽልማት የታጨ አንድ ሰፈር ለማየት።

"ደሴት" ነው የሚሉት፤ ባሕር ግን የለውም፤
ከቱጃር ቤት ጀርባ ነው፣ ከመንገድ አይታይም።
በአንድ ትከሻ መንገድ ግራ ቀኝ ተደርድሮ፣
የጨርቅ ፋብሪካ ሰው የኖረበት ከድሮ፣
ሃያ ስድስት ክፍል፣ ሃያ ስድስት በር፤
መሀሉ ላይ ገንዳ፣
ልብስ የሚታጠብበት፣ ወሬም የሚነገር።

ኦታቪያ ትባላለች የንድፉ ባለቤት።
አፍራ ነገረችን፣ ሳትደብቅ፣ በእውነት፦
"የመጀመሪያው ስዕሌ ገንዳውን ያፈርሳል፤
በእሱ ፈንታ ስድስት መኪና ያቆማል።
ያምር ነበር" አለች፣ "ወረቀት ላይ ሲታይ፤
ዛፍም ስዬበታለሁ፤ ሰው ግን የለም እላይ።"

ፌሊስሚና ናት አሉ፣ ሰባ ሦስት ዓመቷ፣
ስዕሉን ያገላበጠችው በእርጥብ ጣቷ።
"ልጄ፣ አንሶላ በእጅሽ አጥበሽ ታውቂያለሽ?
ቅዳሜ ነይና እጠቢ፤ ኋላ ትስያለሽ።"

መጣች።
አሥራ አንድ ቅዳሜ እጅጌዋን ሰበሰበች።
ማን ከማን እንደተኳረፈ፣
የማን ጉልበት ደረጃ እንደማይወጣ፣
የትኛው ልጅ ከትምህርት ቤት ሲመጣ
እናቱ ከሥራ እስክትገባ የት እንደሚቀመጥ፣
ሁሉን ከሳሙና አረፋ መሀል ሰማች።
ከዚያ ቤቷ ገብታ ንድፏን ቀደደች።

"ተነሺ" የሚባል ቃል በየከተማው አለ፤
ማኅተም ተመትቶበት ከአጥር የተሰቀለ።
እዚህ ግን አየሁት፣ በእጅ ጽሑፍ፣ በየበሩ፣
"ተመላሽ" የሚል ቃል፣ ከነቀኑ ከነቁጥሩ።

ኢንግቫር ይለካል፦
"መስኮቱ ሰፍቷል፤ ፍሳሹ ተስተካክሏል።"
ሰቪም ጣሪያውን አንጋጣ ፎቶ ታነሳለች።
እኔ በር ቆጠርኩ።
ሕፃን የሚያለቅስበት፣ ሬዲዮ የሚጮኽበት፣
ሰርዲን የሚጠበስበት፣
ሃያ አምስት።
አንዱ ዝግ ነው።

"የአደሊኖ ነው" አለች ፌሊስሚና፣ "የጫማ ሰፊው።
ሊመለስ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው ነው ያረፈው፤
ቁልፉ ኪሱ ውስጥ ነበር።
በሩን ግን ቀባነው፣ እሱ በመረጠው ቀለም፤
አረንጓዴ ነው ያለው።
ያስጠላል። ቢሆንም።
የእህቱ ልጅ ትገባለች፣ በድሮው ኪራይ።"

ማታ ሆቴል ውስጥ ተከራከርን።
ሌላ ዕጩ ነበረ፣ በሌላ አገር፣ ወንዝ ዳር፣
መስታወት በመስታወት፣ ሲመሽ እንደ ፋኖስ የሚያበራ።
"እዚያ የነበሩት ዓሣ አጥማጆች ዛሬ የት ናቸው?" አልኩ።
ሹካ ከሳህን ጋር ሲጋጭ ተሰማ።
ውበት ሃምሳ ነጥብ፣ ጥንካሬ ሠላሳ፣ አዲስነት ሃያ፤
ሞላ መቶው።
"ማን ተመለሰ?" የሚል ጥያቄ የለውም ቅጹ።
በእስክሪፕቶ ጨመርኩት፣ ከታች፣ ከግርጌ፣
የእጅ ጽሑፌን ጠማማ አድርጌ።

የነሐስ ሰሌዳ ሆነ ሽልማቱ፣
ስም የተቀረጸበት፣ የድርጅቱ፣ የባለሥልጣናቱ።
"መንገድ ዳር ይሰቀል፣ ጎብኚ እንዲያየው" ተባለ።
ፌሊስሚና በመዳፏ መዘነችው፣
"የገንዳው ጠርዝ ላይ" አለች፣ "የወለቀ ድንጋይ አለ፤
ልኩ ነው።"

ሰሞኑን ደብዳቤ ደረሰን ከኦታቪያ፦
ሰሌዳው ሆኗል አሉ የሳሙና ማስቀመጫ፤
ፊደሉ መደብዘዝ ጀምሯል።
ኢንግቫር ተቆጣ፤ እኔ ግን
እስከ ታች አነበብኩት፦

"አረንጓዴው በር ትናንት ተከፈተ።
ልጅቷ ቀለሙን ልቀይር ብላ ነበር፤
ሰፈሩ በሙሉ ገንዳው ዙሪያ ቆሞ
እንቢ አለ።"